ከአፈርሳታ እስከ ቀበሌ ምክር ቤት፦ የሕዝብ ተሳትፎ በኢትዮጵያ የአካባቢ አስተዳደር ታሪክ



የአካባቢ ዴሞክራሲን በሕዝብ ተሳትፎ ስለማጠናከር እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ሰዋስው ነበር። ከየወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚወጡትን ዕቅዶችና ሪፖርቶች ብትመለከቱ፣ «ሕዝቡ ተሳተፈ» ከሚለው ይልቅ «ኅብረተሰቡን በማሳተፍ» የሚለው ሐረግ ይበዛል። ግሱ አድራጊ ነው፤ ባለቤቱም መሥሪያ ቤቱ ነው። ሕዝቡ ተሳቢ ሆኖ ይገባል። ይህ የቋንቋ ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ተማሪ ጉዳዩ ባልሆነ ነበር። እኔ ግን ከዚህች ትንሽ የግስ ቅርጽ በስተጀርባ ረዥም ታሪክ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም ያንን ታሪክ በከፊል ላወጋችሁ እወዳለሁ።

የምከራከርበትን ነጥብ አስቀድሜ ላስቀምጥ። ባለፉት ሰማንያ ዓመታት የአገራችን መንግሥታት እያንዳንዳቸው ወደ መንደር ወርደዋል፤ ሕግ አውጥተዋል፣ ሹም ወይም ኮሚቴ ተክለዋል፣ ስብሰባ ጠርተዋል። መንግሥት በወረደ ቁጥር ግን የመወሰን ሥልጣን፣ በተለይም በገንዘብ ላይ የመወሰን ሥልጣን፣ አብሮት የወረደው ከስንት አንዴ ነው። የተሳትፎ ታሪካችን መመዘን ያለበት በተሰብሳቢው ብዛት ሳይሆን ስብሰባው ሊወስን በሚችለው ነገር ነው።

ከጥንቱ ልነሣ። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል አፈርሳታ፣ በአንዳንድ ቦታም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት እንደነበረ ታውቃላችሁ። ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ በሜዳ ይሰበሰባል፤ እውነቱ እስኪወጣ ድረስም ይመላለሳል ወይም ይውላል። የቀረ ሰው ይቀጣል። የወንጀሉ ተጠያቂ ካልታወቀ ዕዳው በጉባኤተኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል። አፈርሳታን አንዳንድ ጸሐፊዎች የአገር በቀል ዴሞክራሲ ምሳሌ አድርገው ሲያቀርቡት አይቻለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። በአፈርሳታ ላይ መገኘት መብት ሳይሆን ግዴታ ነበረ፤ የሚጠራውም ሹሙ ነው። ሰው ሁሉ ይናገራል፣ ይመክራል፣ ይማማላል፤ ነገር ግን የስብሰባውን ጉዳይ የሚቆርጠው እርሱ አይደለም። ወደ ፊት እንደምናየው ይህ ቅርጽ በኋለኞቹ ዘመናት ስሙን እየለወጠ ተመልሷል።

በሌላ በኩል ጉባኤው ራሱ ሕግ የሚያወጣባቸው ሥርዓቶች ነበሩን፤ አሉንም። የቦረና ኦሮሞ ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ እየተሰበሰበ ሕግ ይከልሳል፤ መሪዎችንም ይገመግማል። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎም እንዲሁ የራሱን ሕግ የሚያጸና ጉባኤ ነው። በእነዚህ ዘንድ የጉባኤው ቃል ሹሙን ሳይቀር ያስራል። ይህን ስል ጥንቱን ሁሉ ላወድስ አይደለም። ሴቶች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ በዘር የተናቁ ወገኖች ከእነዚህ ጉባኤዎች ብዙውን ጊዜ ተገልለው ኖረዋል። የመምከር ባህል ነበረን ማለት ሁሉም ይመክር ነበር ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዘመናዊው መንግሥት ልለፍ። ከጣልያን መባረር በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ አዋቀረ። የድንጋጌው ዓላማ ግልጽ ነው፤ የአካባቢ መኳንንትን ሥልጣን ሰብስቦ ደመወዝ በሚከፈላቸው የማዕከል ሹማምንት እጅ ማኖር ነበር። ይህ በራሱ ቀላል ለውጥ አልነበረም፤ ገበሬውን ከብዙ ዓይነት የግል ግብርና አገልግሎት ለማላቀቅ መንገድ ጠርጓል። ሆኖም ሹሙ ተጠያቂ የሆነው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አልነበረም። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ የአጥቢያ ዳኞች አዋጅ ወጣ። አጥቢያ ዳኛው እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር ማየትና እስከ 15 ብር መቀጮ መቅጣት ይችል ነበር። ለገበሬው የመንግሥት ፊት ይህ ሰው ነበረ፤ ብዙውን ጊዜም የአካባቢው ባላባት ወይም ባለርስት ነበር። ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የወጣው የ1937ቱ አዋጅ ለከተሞች ምክር ቤት ቢፈቅድም፣ የመምረጡ ዕድል ከቤትና ከቦታ ባለቤትነት ጋር ተያይዞ ነበርና ጭሰኛውንና ተከራዩን አይመለከትም።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆምበት የምፈልገው በትምህርት ቤት የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም የማይገኝ አንድ ሰነድ አለ። በ1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የአካባቢ ራስ አስተዳደር ትእዛዝ ቁጥር 43ን አወጡ። ትእዛዙ አውራጃን የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው አካል ለማድረግ፣ በነዋሪዎች የሚመረጥ ምክር ቤት እንዲኖረው ለማድረግ፣ እንደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ ጤናና የገጠር መንገድ ያሉ አገልግሎቶችን ለእርሱ ለመስጠት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሚሰበሰበው ገቢ የራሱ ድርሻ እንዲኖረው ለማድረግ የታለመ ነበር። በዘመኑ መለኪያ ደፋር ሐሳብ ነው። የአገር ግዛት ሚኒስቴር ለሙከራ 17 አውራጃዎችን መረጠ። ፓርላማው ግን ትእዛዙን ሳያጸድቀው ቀረ፤ ሙከራውም ያለ ሕግና ያለ በቂ ገንዘብ ተንጠልጥሎ እስከ አብዮቱ ዘለቀ።

ፓርላማው ለምን እንቢ አለ? በሕግ መምሪያው ወገን የነበረው አብዛኛው ሰው ከመሬት ባለቤትነት የሚኖር ወይም ከባለመሬቱ ጋር የተሳሰረ እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። የአውራጃ ምክር ቤት ግብር የመጣልና ገቢ የመያዝ ሥልጣን ካገኘ፣ መሬቱ በአውራጃው ውስጥ፣ እርሱ ግን በአዲስ አበባ የሚኖረው ባለርስት ሒሳቡን የሚተሳሰበው ከቅርብ ሰዎች ጋር ይሆናል። በእኔ ግምት ተቃውሞው ከዚህ ስሌት ጋር በእጅጉ የተያያዘ ነው። እዚህ ላይ አንድ ምጸት አለ፤ በ1950 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የተመረጠ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ከንጉሡ የመጣውን የአካባቢ ምርጫ ሐሳብ አግዶ አስቀረው። ምርጫ ያለበት ሁሉ ተሳትፎን ይወዳል ብለን እንዳንገምት ይህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ይህ ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ ተነሣ። የቅርቡ ምክንያት አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ነበር። ገበሬው የፈራው የብሩን መጠን ብቻ አልነበረም፤ ግብሩን ለመገመት የሚመጣው ሰው መሬቱን ይለካል፣ የተለካ ርስት ደግሞ ነገ ይወሰዳል የሚል ሥጋት ነበረው። ገማቾቹን ከየአገሩ አባረረ፤ መሣሪያ አነሣ፤ መንግሥትም ጦር እስከ ማዝመትና በአውሮፕላን እስከ መደብደብ ደረሰ። በመጨረሻ ግን መንግሥት አፈገፈገ። አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፉን ግብር ማሩ።

እነዚህን ሁለት ክስተቶች ጎን ለጎን ማንበብ የጀመርሁት ከብዙ ጊዜ ወዲህ ነው፤ አብዛኞቹ ጥናቶች ግን ለየብቻቸው ያዩአቸዋል። የአውራጃ ምክር ቤት ቢኖር ኖሮ ጎጃም ባልሸፈተ ነበር ብዬ አልናገርም፤ ታሪክ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ አይሰጥም። የምለው ይህ ነው፦ ገበሬው ስለ ግብሩ የሚነጋገርበት፣ ገማቹን የሚጠይቅበት፣ «ይህ ስሕተት ነው» የሚልበት የታወቀ መድረክ አልነበረውም። አቤቱታ ወደ ላይ መሄድ ነበረበት፤ ወደ ላይ ሲሄድ ደግሞ የሚያልፈው በሚያማርርበት ሹም በኩል ነበር። አቤቱታው መንገድ ሲዘጋበት ጠመንጃው ተናገረ።

በከተማ ደግሞ ሕዝቡ መንግሥት ያልሰጠውን መድረክ ለራሱ ሠርቷል፤ ዕድርን ማለቴ ነው። ዕድር በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በከተሞች ታይቶ ከጣልያን ወረራ ወዲህ በስፋት የተስፋፋ ተቋም ነው። ዕድርን የማነሣው ለናፍቆት አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍሉ ለዛሬው ጥያቄያችን ስለሚጠቅም ነው። የጽሑፍ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ደንቡን የሚያወጡትም የሚያሻሽሉትም አባላቱ ናቸው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ ይሻራሉም። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በጉባኤ ፊት ያቀርባል፤ ማንም አባል ተነሥቶ «ድንኳኑ የት ሄደ? የወንበሩ ኪራይ ስንት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከስብሰባ የቀረም ይቀጣል። እዚህ ላይ ቆም በሉና ከአፈርሳታ ጋር አነጻጽሩት። በሁለቱም መቅረት ያስቀጣል። በዕድር ግን ቅጣቱን የወሰነው ራሱ ተቀጪው ነው፤ የተሰበሰበውም መቀጮ ወደ እርሱው ሣጥን ይገባል። ልዩነቱ የግዴታ መኖር አለመኖር ሳይሆን የግዴታው ምንጭ ነው።

ዕድርም ጉድለት አለው። አባልነቱ በአባወራው ስም ይመዘገባል፤ ሴቶች የራሳቸውን ዕድር እስከ ማቋቋም የደረሱትም ስለዚህ ነው። ደሃው መዋጮ ሲያቅተው ይወጣል። የዕድር ጉዳይም በአብዛኛው ለቅሶና መረዳዳት እንጂ ውኃና መንገድ አይደለም። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ መንግሥት ዕድሮችን ወደ ልማት ሥራ ለማስገባት ሞክሮ ነበር፤ አንዳንዶቹም መንገድ ጠርገዋል፣ ለትምህርት ቤት ገንዘብ አዋጥተዋል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ክልል ውስጥም የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡት ተማሪዎችና መምህራን ማኅበራቱን በማደራጀት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በዚሁ ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌን፣ ወለደ።

ስለ ደርግ ዘመን ስንናገር የምንቸኩል ይመስለኛል፤ ከመጨረሻው ተነሥተን መጀመሪያውን እንፈርዳለን። በእነዚያ የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ግን በዘመናዊ ታሪካችን ከታዩት ሁሉ የላቀ የመወሰን ሥልጣን ወደ ታች ወርዶ ነበር። የገበሬው ማኅበር መሬት ያከፋፍል ነበር፤ ለገበሬ ከዚህ የበለጠ ምን ውሳኔ አለ? ቀበሌው ከ100 ብር በታች የሆነውን የቤት ኪራይ ሰብስቦ ለአካባቢው ሥራ እንዲያውል ተፈቅዶለት ነበር። ይህ ማለት ተከራይ የነበረው ሰው በሚከፍለው ገንዘብ ላይ የሚመክር ጉባኤ አገኘ ማለት ነው። የትእዛዝ ቁጥር 43 ሐሳብ፣ ትእዛዙን ባላወቁ ሰዎች እጅ፣ በሌላ መንገድ የተፈጸመ ያህል ነበር።

ዘመኑ አጭር ሆነ። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ቀበሌን አጠናከረ፤ የፍርድ ሸንጎና የአብዮት ጥበቃ ጓድም ሰጠው። በዚያው ወቅት በኢሕአፓና በመኢሶን መካከል፣ ከዚያም በደርግና በሁሉም ተቃዋሚዎቹ መካከል የነበረው ትግል ወደ ቀበሌው ገባ። የቀበሌ ኮሚቴ ወንበር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። በቀይ ሽብር ዘመን ሰዎች የተያዙት፣ የታሰሩት፣ የተመረመሩት በዚያው የመንገድ ጥገና ውይይት ይደረግበት በነበረው ጽሕፈት ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ቀበሌ መታወቂያ የሚሰጥ፣ የኅብረት ሱቅ ራሽን የሚያድል፣ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚያቀርብ አካል ሆነ። በገጠርም የገበሬው ማኅበር የእህል ኮታ ሰብስቦ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክብ ነበር። ስብሰባው ቀጥሏል። እንዲያውም በዝቷል። የቀረ ይቀጣል፤ የሚወሰነው ግን ሌላ ቦታ ተወስኖ የመጣ ነበር። አፈርሳታ በአዲስ ስም ተመለሰ ያልሁት ይህንን ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አሳጥራለሁ፤ በሁለት ነገሮች ላይ ብቻ እቆያለሁ። የመጀመሪያው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ነው። ይህ ድንጋጌ ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጠው ያዛል። አቀራረጹን አስተውሉ፤ ተሳትፎን ከሥልጣን ጋር ያያይዘዋል፤ አንዱ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ ነው። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ በተወካዩ ላይ እምነት ሲያጣ ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። በ1994 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ሲጀመር ወረዳዎች በቀመር የተሰላ የጥቅል በጀት ድጎማ ማግኘት ጀመሩ። እርምጃው እውነተኛ ነበር። ይሁን እንጂ የወረዳው በጀት አብዛኛው ክፍል ለደመወዝ ይውላል፤ ቀበሌው ደግሞ ራሱን የቻለ በጀት የለውም። ምክር ቤቱ ሊከራከርበት የሚችለው የቀረችውን ነው። ስለዚህ በገጠር «የሕዝብ ተሳትፎ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በተፋሰስ ሥራ የሚቈጠር የጉልበት ቀንና የገንዘብ መዋጮ ሆኖ ቀረ። እርከኑ የሚሠራበትን ተዳፋት ማን መረጠ የሚለውን ጥያቄ ሪፖርቱ አይመልስም።

ሁለተኛው የ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ነው። የግንቦት 1997ቱ ምርጫ ካስከተለው ቀውስ በኋላ የቀበሌ ምክር ቤቶች እስከ 300 አባላት እንዲኖሯቸው ተደረገ፤ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ለውድድር የቀረቡት መቀመጫዎች በጠቅላላው ወደ 3.6 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወሰዱ። በ2005ቱ ምርጫ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን አገለሉ። የ2010ሩ የአካባቢ ምርጫም ተላለፈ።

በቁጥር ብንሄድ በዓለም ላይ ይህን ያህል ሰፊ የአካባቢ ውክልና ያለው አገር ማግኘት ይከብዳል። ለውጡ ብዙ ሴቶችንና ወጣቶችን የምክር ቤት አባል ማድረጉንም መካድ አይገባም፤ በአፈርሳታ ሜዳ ያልነበሩ ሰዎች ገብተዋል። ነገር ግን 300 ሰው በዓመት ጥቂት ጊዜ ተሰብስቦ፣ በጀት በሌለው ቀበሌ፣ በአንድ ፓርቲ አባላት መካከል ምን ሊመክር ይችላል? እንዲህ ያለ ምክር ቤት ከመወሰን ይልቅ መስማት ይቀለዋል። ከዚህ ጋር የልማት ቡድኑና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ሲጨመሩ፣ የመወከያ መዋቅሩና የመቆጣጠሪያ መዋቅሩ በአንድ ሰው ላይ ተደራረቡ።

በዚያው ዘመን የተጀመረ፣ ከምርጫው ያነሰ ትኩረት ያገኘ ሌላ ሙከራ አለ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ መርሐ ግብር ሥር የማኅበራዊ ተጠያቂነት ሥራ ተጀምሯል። ተገልጋዮች የጤና ጣቢያውን ወይም የትምህርት ቤቱን አገልግሎት በነጥብ ይመዝናሉ፤ ሠራተኞቹም ራሳቸውን ይመዝናሉ፤ ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኝተው የጋራ ዕቅድ ያወጣሉ። የወረዳ በጀትም በሠሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ተደርጓል። አመጣጡ ከለጋሾች መሆኑ፣ የ1997ቱን ቀውስ ተከትሎም ቀጥተኛ የበጀት ድጋፍ በተቋረጠ ማግሥት መሆኑ ብዙዎችን ያጠራጥራል። እኔ ግን አሠራሩን ሳይ ዕድርን አስታውሳለሁ፤ ሒሳቡ በተጠያቂው ፊት፣ በጠያቂው አፍ ይነገራል። የጤና ጣቢያው በር በሰዓቱ እንዲከፈት በዚህ መንገድ ማስደረግ ይቻላል። የመድኃኒቱ በጀት ስንት ይሁን የሚለው ግን በዚያ ስብሰባ አይቆረጥም፤ አሁንም የድሮው ድንበር ላይ ቆመናል።

ለዚህ ነው ስለ ተሳትፎ ማጠናከር ስጠየቅ ስለ ሥልጠናና ስለ ግንዛቤ ማስጨበጫ ለመናገር የማልቸኩለው። የጎጃም ገበሬ ግንዛቤ አልጎደለውም፤ ግብሩ ምን እንደሚያመጣበት በሚገባ አስቦ ነበር። የ1967ቱ ተከራይም የኪራዩን ገንዘብ ለምን እንደሚያውለው ለማወቅ አሠልጣኝ አላስፈለገውም። ቀበሌ የራሱ የሆነ፣ ትንሽም ቢሆን፣ የገቢ ምንጭ ይኑረው፤ በዚያ ላይ የሚወስነው ጉባኤ ሊመክር በሚችል መጠን ይመጠን፤ ተወካዩን የማንሣት መብት ከወረቀት ወርዶ ሥነ ሥርዓት ይበጅለት። ሦስቱም በሕጋችን ውስጥ መነሻ አላቸው፤ ሦስቱም በታሪካችን ውስጥ በከፊል ተሞክረዋል።

ለተመራቂ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምርና ጊዜውን ለጥያቄ ልልቀቅ። የዚህ ታሪክ አብዛኛው ክፍል የተጻፈው ከአዋጆች ነው፤ እኔም ዛሬ ያደረግሁት በብዛት ይህንኑ ነው። አዋጅ ግን መንግሥት ምን እንዳሰበ እንጂ ተሰብሳቢው ምን እንዳለ አይነግረንም። የተሰብሳቢው ድምፅ ያለው በቃለ ጉባኤ መዝገብ ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ የቀበሌና የገበሬ ማኅበራት መዛግብት፣ በዕድር ጸሐፊዎች ቤት ሣጥን ውስጥ በተቀመጡ ደብተሮች። ወደ ጸሐፊዎቹ ስትሄዱ በትሕትና፣ በአባላቱም ፈቃድ ይሁን። መጀመሪያ ፈልጉ የምላችሁ የውሳኔውን ገጽ ሳይሆን ጉባኤው ያልተስማማበትንና «በይደር ይታይ» ተብሎ ያለፈውን ገጽ ነው።